ደጋው የት ያልቃል? ቆላውስ ከየት ይጀምራል? ሰሜን ሸዋን ይዘን እንየው

ኢትዮጵያ ደጋም ቆላም እንዳላት ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናል። የግድግዳ ካርታው ላይ ደጋው ቡናማ ነው፤ ቆላው አረንጓዴ ወይም ቢጫ። ሁለቱ ቀለሞች የሚገናኙበት መስመር ግን ከየት መጣ? ማን፣ በምን ለክቶ አሰመረው? ይህን ያስረዳው መምህር የገጠመው ሰው ብዙ አይመስለኝም።

መስመሩ የት እንደሚያልፍ ማወቅ ግን ብዙ ነገር ይወስናል። የትኛው ምርጥ ዘር ወደ የትኛው ቀበሌ ይላክ? የአልጋ አጎበር ለማን ይታደል? የትኛው መንደር በየትኛው ፕሮጀክት ይታቀፍ? በ2014 ዓ.ም. የመስኖና ቆላማ አካባቢ ሚኒስቴር ሲቋቋም ደግሞ ቆላማነት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ስም ላይ ሳይቀር ገብቷል። ስለዚህ ነገሩን በደንብ ማየት ተገቢ ነው። ለማየት ደግሞ ከሰሜን ሸዋ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ጅብራ የሚበቅልበት የመንዝ ውርጭና ማንጎ የሚበስልበት የቀወት ቆላ ያሉት በአንድ ዞን ውስጥ ነው።

መጀመሪያ መጻሕፍቱ የሚሉትን እንያዝ። ከፍታ የሚለካው ከባሕር ወለል በላይ ነው። በተለመደው አከፋፈል ከ500 ሜትር በታች ያለው በረሃ ይባላል። ከዚያ እስከ 1,500 ሜትር ቆላ ነው። እስከ 2,300 ወይና ደጋ፣ እስከ 3,200 ደጋ፣ ከዚያ በላይ ውርጭ። ቁጥሮቹ ግን ከመጽሐፍ መጽሐፍ ይለያያሉ። ቆላውን እስከ 1,800 የሚያደርሱት አሉ። የወይና ደጋውን ጣሪያ 2,400 የሚያደርጉም አሉ። እዚህ ላይ መደናገር አያስፈልግም። ቁጥሮቹ የሚለያዩት አገሩ ራሱ ስለሚለያይ ነው።

አገሪቱን ለሁለት ብቻ መክፈል የፈለጉ ዕቅድ አውጪዎች በአብዛኛው የያዙት 1,500 ሜትርን ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ደጋማ አካባቢዎችን መልሶ ለማልማት የተካሄደው ትልቅ ጥናት የተጠቀመው ይህንኑ መስመር ነው። በዚህ ልኬት ደጋማው የአገሪቱን የቆዳ ስፋት ግማሽ አይሞላም። በጊዜው ግን ከአሥር ሰው ከስምንት በላይ የሚሆነው የሚኖረው እዚያ ነበር። መስመሩ ለዕቅድ የተመቸው ለዚህ ነው፤ በአንድ ቁጥር ብቻ አብዛኛውን አራሽ ያካትታል። ልብ በሉ፣ ወይና ደጋው በዚህ አከፋፈል ሙሉ በሙሉ ከደጋማው ጋር ይቆጠራል። ብዙ ግራ መጋባት የሚመጣውም ከዚህ ነው። አንዱ «ደጋ» ሲል ገብስና ውርጭ ያስባል። ሌላው «ደጋማ» ሲል ጤፍና ሽንብራ የሚበቅልበትንም ይጨምራል።

ከፍታው ለምን መለኪያ ሆነ? ከፍታ በራሱ ሰብል አያበቅልም። የሚያበቅለው ሙቀቱና እርጥበቱ ነው። ግን ሽቅብ በወጣን ቁጥር አየሩ ይቀዘቅዛል፤ በየ100 ሜትሩ በአማካይ 0.6 ዲግሪ ያህል። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ግድም ላይ ናት። ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር ግድም ላይ። ልዩነቱ 1,500 ሜትር ያህል ነው። ሲሰላ 9 ዲግሪ ይመጣል። ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም። በየመንደሩ ቴርሞሜትር ተክሎ ዓመት ሙሉ ከመጠበቅ ደግሞ ከፍታን ከካርታ ማንበብ ይቀላል። መስመሩ የወጣው ከዚህ ነው፤ የከፍታ ቁጥር የሙቀት ወኪል ሆኖ ያገለግላል።

አሁን ወደ መንገዱ እንግባ።

ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ የሚሄደው መንገድ ወዲያው ቁልቁል አይወርድም። ቀስ እያለ ይወጣል እንጂ። ጣርማ በር ሲደርስ 3,000 ሜትርን አልፏል። እዚያ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተፈለፈለው ዋሻ አለ። ብዙ ጊዜ ጉም ይሞላዋል። ተሳፋሪው ጋቢውን ጠበቅ አድርጎ፣ መስኮቱን ዘግቶ ይገባል። ከዋሻው ሲወጣ ጉሙ የተገለጠ ቀን ከሆነ ያለው እይታ አፍ ያስከፍታል። መሬቱ ከእግር በታች ጠፍቷል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሻጮቹ መስኮት ያንኳኳሉ። ከዚያ ወዲያ ጋቢ ይታጠፋል፣ መስኮት ይከፈታል። ሸዋ ሮቢት ሲደረስ ማንጎና ፓፓያ መንገድ ዳር ተደርድሯል። ማሳው ላይ ያለው ማሽላና ማሾ ነው። ከዋሻው እስከ ሮቢት ወደ 1,800 ሜትር ተወርዷል፤ በአውቶቡስ ከግማሽ ቀን በታች በሆነ ጊዜ።

ይህ ገደል ዝም ብሎ ገደል አይደለም። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ የወጣ ቅልጥ ዓለት ሰፊውን አገር አለበሰው። ቀዝቅዞ ባዛልት ሆነ። ደጋው የተቀመጠው በዚህ የባዛልት ንጣፍ ላይ ነው። ኋላ ላይ ምድር ተሰነጠቀች። የስምጥ ሸለቆውና የአፋር ምድር ወረዱ፤ ምዕራቡ ቀና እንዳለ ቀረ። የተሰነጠቀው ጠርዝ አንድ ቀጥ ያለ ግድግዳ ሆኖ አልቀረም። እንደ ደረጃ ተቆራርጦ ነው የወረደው። ደብረ ሲና ያለችው በአንዱ ደረጃ ላይ ነው። ሮቢትም የመጨረሻዋ ደረጃ አይደለችም። ከእሷ በስተምሥራቅ መሬቱ እንደገና ቀና ይልና ከዚያ በኋላ ነው ወደ አፋር የሚወርደው።

ሥራው አሁንም አላበቃም። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ የተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥ የዚያው ስንጥቅ ሥራ ነው።

እንግዲህ ድንበሩ ገደሉ ነው ብለን እንለፍ? አንችልም። ደብረ ሲና ገደሉን ከወረዱ በኋላ የምትገኝ ከተማ ናት። ከፍታዋ ግን ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። በመጽሐፉ ልኬት ደጋ ናት። ገደሉ ድንበር ነው ካልን ቆላ ትሆናለች። 1,500 ሜትር ድንበር ነው ካልን ደጋ ትሆናለች። በዋሻው አፍና በ1,500 ሜትር መስመር መካከል ሰፊ ተዳፋት አለ። በዚያ ተዳፋት ላይ ብዙ ሺህ ሰው ይኖራል፣ ያርሳል፣ ልጅ ያስተምራል። ያለበት ችግር ከላይኛውም ከታችኛውም ይለያል። ደጋው ስለ አመዳይ፣ ቆላው ስለ ድርቅ ሲጨነቅ የተዳፋቱ ሰው የሚፈራው መሬቱ እንዳይናድበት ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. ከደብረ ሲና አቅራቢያ ይዛባ ወይን በሚባለው ቦታ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ብዙ አባወራዎችን ከቀያቸው አፈናቅሏል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው «ደጋ ነህ» ወይም «ቆላ ነህ» ማለት ምንም አይረባውም። ተዳፋቱ ራሱን ችሎ ሊቆጠር ይገባል ባይ ነኝ።

የዝናቡን ውኃ ተከትለን ደግሞ እንየው። የጣርማ በር ጫፍ ውኃ የሚከፈልበት ነው። በምዕራብ በኩል የወደቀ ጠብታ በበሬሳና በሌሎች ወንዞች ወደ ጀማ፣ ከጀማ ወደ ዓባይ ይገባል። መጨረሻው ሜዲትራኒያን ባሕር ነው። በምሥራቅ የወደቀው በሮቢና በመሳሰሉት ወደ አዋሽ ምድር ይወርዳል። አዋሽ ባሕር አይደርስም፤ በጅቡቲ ጠረፍ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። የውኃ መሐንዲስ ድንበሩን ጠይቁት፣ የሚያሳያችሁ ይህን ጫፍ ነው። ለእሱ ትክክል ነው። ለጤፍ አራሹ ግን ይህ መስመር ምንም አይነግረውም።

እስካሁን ያየነው የምሥራቁን ጠርዝ ነው። አብዛኛው ሰው ስለ ሰሜን ሸዋ ቆላ ሲያስብ ወደ ሮቢትና ወደ አጣዬ ብቻ ያያል። የምዕራቡ ቆላ ግን ይረሳል። እኔን በጣም የሚያሳስበኝም እሱ ነው።

ከለሚ ተነስቶ ወደ መርሐቤቴ የሚሄድ ሰው በደጋ ሜዳ ላይ እየተጓዘ ሳለ መሬቱ ድንገት ይከፈታል። የጀማ ሸለቆ ነው። ማዶ ዓለም ከተማ ያለችበት አምባ ይታያል፤ በዓይን ቅርብ ነው። በእግር ግን ቆላ ወርዶ ወንዙን ተሻግሮ እንደገና ዳገት መውጣት ነው። ወንጪትም እንዲሁ አገሩን ሰንጥቆ ያልፋል። እዚህ ምድር አልተሰነጠቀችም። ወንዞቹ ናቸው በሚሊዮን ዓመታት የቆረጧት። ባዛልቱን ጨርሰው ከሥሩ ያለውን የአሸዋ ድንጋይና የኖራ ድንጋይ አውጥተውታል። በዚህ የተነሳ ቆላው ከደጋው ውጪ አይደለም፤ ከደጋው ሆድ ውስጥ ነው። የ1,500 ሜትሩን መስመር በዚህ አገር ላይ ብታሰምሩት በየወንዙ እየገባና እየወጣ ይዞራል። ትንሽ ካርታ ላይ ጨርሶ አይታይም። ትንሽ ካርታ ላይ መርሐቤቴና ሚዳ ወረሞ አንድ ወጥ ቡናማ ናቸው። በሸለቆው ውስጥ በሙቀትና በወባ የሚኖረው ሰው ካርታው ላይ የለም።

ሌላው ነገር ቆላነት እንደ ተመልካቹ መለያየቱ ነው። ከመሐል ሜዳ የመጣ መንዜ ምንጃር ቢወርድ ቆላ ገባሁ ይላል። ምንጃር አረርቲ ግን ከ1,500 ሜትር በላይ ናት። በዕቅድ አውጪዎች ልኬት ደጋማ ናት። ማኛ ጤፍና ሽንብራ የሚወጣው ከዚሁ ነው። የአፋር ሰው ከታች መጥቶ አረርቲ ቢያድር ደግሞ ብርድ ይሰማዋል። ሁለቱም የተሰማቸውን ነው የተናገሩት። ቁጥሩ ከሁለቱም ጋር አይጣላም፤ የሚመልሰው ጥያቄ ሌላ ነው።

ቁጥሩን ትተን ዛፉንና ሰብሉን ብንጠይቅስ? ይህን ለማድረግ ወፍ ዋሻ ጫካ መልካም ቦታ ነው። ጫካው ከደብረ ሲና ወደ አንኮበር ባለው ተዳፋት ላይ ነው ያለው። ከላይኛው ጫፍ አስታና ጅብራ አለ። ትንሽ ወረድ ሲባል ኮሶና ጥድ። ከዚያ ዝግባና ወይራ። ጫካው ተጨርሶ ወደ ቆላው ሲወረድ ግራር። ዛፎቹ ድንበራቸውን በሜትር አልለኩም። ግን ሙቀቱን፣ ዝናቡን፣ ጉሙንና አፈሩን አንድ ላይ ቆጥረው ነው የቆሙት። ጉም የሚያርፍበት ተዳፋት ላይ የደጋ ዛፍ ወደ ታች ይወርዳል። ደረቅ በሆነው በኩል ደግሞ የቆላው ቁጥቋጦ ሽቅብ ይወጣል። ሰብሉም ያው ነው። ማሽላ የቆላ ነው እንላለን፤ ዘንጋዳ ግን ብርድ ስለሚችል ወይና ደጋው ድረስ ይወጣል። ገብስ የደጋ ነው። ጤፍ መሐሉን ይዟል። በእኔ ግምት ለአንድ አራሽ ከሁሉም የሚጠቅመው መስመር ጤፍ በብርድ ምክንያት የሚያቆምበት ነው። እሱ ከ1,500 ሜትር በጣም ከፍ ብሎ ነው ያለው።

ስለ ብርድ ከተነሳ አንድ ነገር ልጨምር። ሁልጊዜ ከፍ ያለው ቦታ ይበልጥ ይበርዳል የሚለው ሌሊት ላይ አይሠራም። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው። ሰማዩ በጠራ ሌሊት ከኮረብታው ወደ ሜዳው ይወርድና ይተኛል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በደብረ ብርሃን ዙሪያ ጠዋት ሜዳው ላይ አመዳይ ነጭ ሆኖ ይታያል። በዚያው ጠዋት ከሜዳው ከፍ ብሎ ተዳፋቱ ላይ ያለው ማሳ ተርፎ ይገኛል። ሜዳ ላይ ያለው ባቄላ ተመቷል፤ ሃምሳና መቶ ሜትር ከፍ ብሎ የተዘራው አረንጓዴ ነው። የከፍታ ካርታ ይህን አይነግራችሁም። የአካባቢው አራሽ ግን ያውቀዋል።

የጤና ባለሙያ ደግሞ የራሱ መስመር አለው። ወባ በአብዛኛው ከ2,000 ሜትር በታች ያለ ሕመም ነው ተብሎ ይወሰዳል። በአንዳንድ ዓመት ግን ከዚያ በላይም ወጥቶ ወረርሽኝ ያስነሳል። ከ1,500 ሜትር በላይ ሆኖ «ደጋማ» የተባለ ብዙ ቀበሌ የወባ ቀበሌ ነው። የድሮ ሰዎች ይህን በኑሮ ያውቁት ነበር። ቆላ ወርደው ያርሱና ለማደር ሽቅብ ይወጣሉ። ወባ የምትይዘው ሌሊት ቆላ ያደረውን እንደሆነ አይተዋል፤ ትንኟ ሌሊት እንደምትነድፍ ሳይንስ ሳይነግራቸው በፊት።

አንኮበር ራሷ በዚህ ጠርዝ ላይ መቆሟ ያለ ምክንያት አልነበረም። የሸዋ ነገሥታት መቀመጫቸውን ያደረጉት ደጋው አፋፍ ላይ፣ ቆላውን ቁልቁል ማየት በሚቻልበት ቦታ ነው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ፣ ከታጁራና ከሐረር የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ የሚያራግፈው ከአንኮበር ሥር በአልዩ አምባ ነበር። ግመሉ ዳገቱን አይወጣም። ከዚያ በላይ ያለው የበቅሎና የአህያ አገር ነው። ከታች ጨውና ጥጥ ይመጣል፤ ከላይ እህልና የበግ ጸጉር ባና ይወርዳል። አርጎባዎች በዚህ ተዳፋት ላይ ለዘመናት ኖረዋል። አርሰዋል፣ ሸምነዋል፣ ነግደዋል። ከላይም ከታችም ካለው ጋር ተገበያይተዋል። የጠርዙን ኑሮ እንደነሱ የሚያውቅ የለም። ደጋና ቆላን ሁለት የተለያዩ አገሮች አድርገን ስንናገር የእነሱን ታሪክ እንዘላለን። ይህ ያሳዝነኛል።

ችግሩ በተግባር የሚታየው ወረዳ ላይ ነው። የአንኮበር ወረዳ ከደጋው ጫፍ ተነስቶ እስከ ቆላው ይወርዳል። የጣርማ በር ወረዳም እንዲሁ። እስቲ በምሳሌ እናስላው። አንድ ቀበሌ 3,000 ሜትር ላይ ነው እንበል። ሌላው 1,400 ላይ። አማካያቸው 2,200 ይመጣል። ወይና ደጋ ማለት ነው። በወረቀት ላይ ወረዳው ወይና ደጋ ሆነ። ዘሩም ምክሩም ለወይና ደጋ ሆኖ መጣ። ከላይኛው ቀበሌ ውርጭ ይመታዋል፤ ከታችኛው ሙቀት ያደርቀዋል። አማካዩ ላይ የሚኖር አንድም ሰው የለም። ወረዳ የአስተዳደር ክልል ነው። ለግብርና ምክር ሲባል ግን ትንሹ መለኪያ ቀበሌ መሆን አለበት፤ ተዳፋት ላይ ደግሞ ከዚያም ወርዶ ጎጥ።

መስመሩ ዛሬ የት እንዳለ ብናውቅ እንኳ እዚያው አይቆይም። ቅድም ያነሳነውን 0.6 ዲግሪ እንመልሰው። አየሩ በ1 ዲግሪ ቢሞቅ እያንዳንዱ እርከን ወደ 170 ሜትር ያህል ሽቅብ ይገፋል። በገደላማው ምሥራቅ 170 ሜትር ትንሽ መንገድ ናት፤ አንድ ሁለት ጥምዝ። ዝግ ብሎ በሚወርደው በምንጃር በኩል ግን ብዙ ማሳ ከአንዱ እርከን ወደ ሌላው ይሸጋገራል። ጤፍ ሽቅብ ሊወጣ ይችላል፤ ለአንዳንዱ ይህ ጥሩ ዜና ነው። ወባዋም አብራ ትወጣለች። ከሁሉ የሚጨንቀው ጫፉ ላይ ያለው ነው። የመንዝ ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ማኅበረሰቡ በራሱ ደንብ ለዘመናት ጠብቆ ያቆየው መሬት ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ አለበት። ሌላው እርከን ሲገፋ ሽቅብ ይሸሻል፤ ጓሳ ግን ከላዩ የሚሸሽበት ብዙ መሬት የለውም።

የራሳችሁን ቦታ ማወቅ ከፈለጋችሁ ከባድ አይደለም። አሁን ስልክ ላይ ከፍታ የሚያሳይ መተግበሪያ አለ። ቁጥሩን ያዙ፤ ግን ቁጥሩን ብቻ ይዛችሁ አትቁሙ። አመዳይ መጨረሻ የመታችሁ መቼ ነው? ጤፍ ይበስላል ወይስ ገብስ ብቻ? በክረምት ማለቂያ ወባ ይገባል? ማሳችሁ ሜዳ ነው ተዳፋት? ፊቱስ ወደ ምሥራቅ ነው ወደ ምዕራብ? ከልማት ጣቢያ ሠራተኛው ጋር ስትነጋገሩ ወረዳው ምን እንደሚባል ሳይሆን የእናንተ ጎጥ ከነዚህ ጥያቄዎች የትኛውን እንዴት እንደሚመልስ ንገሩት። ባለሙያም ከሆናችሁ በቀበሌ ዝርዝራችሁ ላይ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ ከሚለው ዓምድ አጠገብ የአመዳይን፣ የወባንና የተዳፋትን ዓምድ ጨምሩበት።